ደሴ–ኮምቦልቻ በየቀኑ ለሚመላለስ፦ በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ትንሽ ነዳጅ የሚበላው የትኛው ነው?

ሰርቪስ_ፈላጊ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደሴ እየኖርን ኮምቦልቻ የምንሠራ 12 ሠራተኞች ነን። የምንገባበትም የምንወጣበትም ሰዓት አንድ ነው። አሁን ሦስቱ ለየብቻቸው በቪትዝ፣ አራቱ ለየብቻቸው በሞተር ሳይክል፣ የቀረነው አምስታችን ከመናኸሪያ በሚኒባስ ነው የምንመላለሰው። አንድ ላይ እንሁን ስንባባል ሁለት ሐሳብ መጣ። አንደኛው ሦስቱን ቪትዝ ለአራት ለአራት መሙላት ነው። ሁለተኛው ናፍጣ ዶልፊን (ሚኒባስ) በኩንትራት መያዝ ሲሆን፣ የዶልፊኑ ባለቤት ግን ጠዋት አድርሶን ወደ ደሴ ተመልሶ ማታ መጥቶ ሊወስደን ነው የሚፈልገው።

የነዳጅ ዋጋ ስለሚቀያየር በብር ሳይሆን በሊትር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ ስንት ሊትር ይደርሳል? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያስወጣው የሐረጎ ዳገት ሒሳቡን ምን ያህል ይለውጠዋል? የመኪና ሻጮች «በሊትር 18 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚሉት ለዚህ መንገድ ይሠራል ወይ?

ጦሳ_ግርጌ

እህቴ፣ ከሊትሩ በፊት ከፍታውን እንያዝ። ደሴ እንደ ሰፈሩ ቢለያይም 2,470 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ልዩነቱን 600 ሜትር፣ መንገዱን 24 ኪሎ ሜትር እንበለው። ሻጩ የሚነግርሽ ቁጥር ለሜዳ የተለካ ስለሆነ እዚህ ብዙም አይረዳሽም።

አንድ ቶን ክብደት 600 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ያስፈልጋል። ይህን የትኛውም ሹፌር በችሎታው አይቀንሰውም። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት አለ፤ ጎማው ጋ የሚደርሰው ግን 30 በመቶ ያህሉ ነው፤ የተረፈው በራዲያተሩና በማርሚታው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ቤንዚን በሊትር 9 የማይሞላ ኪሎዋት ሰዓት ሲኖረው፣ ከዚያ ሥራ ላይ የሚውለው 25 በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ከኮምቦልቻ ደሴ ለመውጣት፣ ለከፍታው ብቻ፣ በየቶኑ 0.55 ሊትር ናፍጣ ወይም 0.75 ሊትር ቤንዚን ይሄዳል። የጎማው ልፋትና ነፋሱ ከዚህ በላይ የሚታሰብ ነው። እዚህ መንገድ ላይ መጠየቅ ያለብሽ «መኪናው በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሳይሆን «ለአንድ ሰው ስንት ኪሎ ብረት ሐረጎን ይወጣል» የሚለውን ነው።

በዚህ ሚዛን እንያቸው። ዶልፊን 12 ሰውና ሹፌሩን ይዞ 2.8 ቶን ገደማ ነው። ሲወጣ ለከፍታው 1.5፣ ለጎማና ለነፋስ 1 ሊትር፣ ድምሩ 2.5። ሲወርድ ክብደቱ ራሱ ስለሚገፋው ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። ደርሶ መልስ 3 ሊትር፣ በየመንገዱ መቆምና መነሣቱ ሲታከል 3.5። ለሰው ከ0.25 እስከ 0.3 ሊትር ማለት ነው።

ቪትዝ አንድ ሰው ብቻ ይዛ 1.07 ቶን ናት፤ ደርሶ መልስ 1.7 ሊትር ቤንዚን። አራት ሰው ስትይዝ ወደ 1.28 ቶን ከፍ ትላለች፤ ፍጆታዋ ግን 2 ሊትር ላይ ነው የሚቆመው። የተጨመሩት ሦስት ሰዎች ያስወጡት 0.3 ሊትር ብቻ ነው። ለሰው ሲካፈል ከ1.7 ወደ 0.5 ወረደ። ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ጥገናም ሆነ ዘይት የለም።

ሞተር ሳይክል ላይ ሰው ይሳሳታል። ሞተሩና ነጂው አብረው 195 ኪሎ ቢሆኑ ነው፤ ስለዚህ ዳገቱ አይከብደውም። የሚበላው ነፋሱ ነው። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነፋስን እንደ ግድግዳ ይቀበላል፤ ትንሿ ሞተርም ከነዳጇ ጎማ ጋ የምታደርሰው ከ20 በመቶ ብዙ አይበልጥም። ደርሶ መልስ አንድ ሊትር ገደማ ይሄዳል። እናም አንድ ሰው የያዘ ሞተር አራት ሰው ከያዘች ቪትዝ እጥፍ ይበላል። ሁለት ሰው ሲይዝ 0.55 ገደማ ስለሚሆን ከሞላች ቪትዝ ጋር ይቀራረባል።

ትልቁ አውቶቡስ 45 ሰው ይዞ 14 ቶን ሲሆን 10 እስከ 11 ሊትር ይጨርሳል፤ ለሰው 0.23 አካባቢ። ከዶልፊን ብዙ አለመራቁ ብዙ ሰው ይገርመዋል። ምክንያቱ ለአንድ ተሳፋሪ የሚወጣው ክብደት ነው፦ በአውቶቡሱ 311 ኪሎ፣ በዶልፊኑ 233። ሜዳ ላይ አውቶቡሱ በሰፊው ይበልጥ ነበር።

የእናንተን አሁን ስደምረው፦ ሦስት ቪትዝ 5.1፣ አራት ሞተር 4፣ አምስት ተሳፋሪ 1.5። በቀን 10.6 ሊትር። የሞሉ ሦስት ቪትዞች 6 ሊትር፤ አንድ ዶልፊን 3.5።

ስምሪት_ቁጥር_2

ጦሳ_ግርጌ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን የዶልፊኑ 3.5 ሊትር የሚሠራው መኪናው ቀኑን ሙሉ ኮምቦልቻ ቆሞ ከጠበቃችሁ ነው። ጥያቄሽ ውስጥ የተደበቀው ትልቁ ነገር ይሄ ነው እህቴ።

ባለቤቱ እንዳለው ከሆነ የቀኑ ጉዞ አራት ይሆናል። ጠዋት ሞልቶ ይወርዳል፣ 0.5 ሊትር። ባዶውን ይወጣል፤ ባዶው ዶልፊን ከነሹፌሩ 2 ቶን ስለሚጠጋ 1.9 ሊትር። ማታ ባዶውን ይወርዳል፣ 0.5። ሞልቶ ይወጣል፣ 2.5። ድምሩ 5.4፤ መቆሙ ሲታከል 6 ሊትር። ይህ ሦስቱ ቪትዞች አራት አራት ሰው ይዘው ከሚጨርሱት ጋር እኩል ነው። ባዶ መውጣቱ የዶልፊኑን ጥቅም በሙሉ ይበላዋል።

መውጫው ሁለት ነው። ወይ ከእናንተ አንዱ መንጃ ፈቃዱ የሚፈቅድለት ከሆነ መኪናው ብቻ በኪራይ ተይዞ ኮምቦልቻ ይቁም። ወይ ባለቤቱ ጠዋት ሲመለስ ተሳፋሪ ይጫን። ጠዋት ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው አይጠፋም፤ ለሕክምና፣ ለገበያ፣ ለጉዳይ ይመጣል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱም ከተማ ግቢ አለው። ግን የመስመር ስምሪት ሳይኖረው ተሳፋሪ ከጫነ ቅጣት አለ፤ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ስምሪቱን አሳዩን በሉት።

ሌላው፣ ሞተር ሳያጠፉ ከመጠበቅ ተጠንቀቁ። ናፍጣ ዶልፊን ቆሞ ሲሠራ በሰዓት ከ0.7 እስከ 1 ሊትር ይጠጣል። አንድ ሰው አርፍዶ ሌላው 20 ደቂቃ ቢጠብቀው፣ ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ሩብ ሊትር ጠፋ፤ ይህ የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ነው። ማደያ ሰልፍ ላይም እንደዚያው።

ካንዴላና_ኖዝል

ጥገናውን በተመለከተ፣ በደሴ ከፍታ የሚበላሸው ምን እንደሆነ ልጨምር።

2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ22 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ደሴ ሲደርስ ሩቡን አጥቷል ማለት ይቻላል። ቱርቦ ያለው ዶልፊን አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ይህ ብዙም አይሰማውም። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ግን ሌላ ችግር አለበት፦ ፓምፑ የሚረጨው ናፍጣ ለወፍራም አየር የተለካ ነው። ሐረጎ ላይ ሹፌሩ ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ሲረግጥ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ስለዚህ ኩንትራት ከመያዛችሁ በፊት መኪናውን ሰው ጭናችሁ አንድ ጊዜ ከኮምቦልቻ አስወጡት፤ ከኋላ ሆኖ የሚያይ ሰው አዘጋጁ። ማርሽ ሲቀየር ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ጭስ ችግር የለውም። ዳገቱን ሙሉ የማይቆም ጥቁር ጭስ ካለ በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮ ይታይ፤ ቀጥሎ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩት ኖዝሎች ወርደው የሚረጩበት ግፊትና አረጫጨታቸው ይለካ፤ መጨረሻ ላይ ብቻ የፓምፑ ሙሉ ጭነት ብሎን (ፓምፑ ቢበዛ ስንት ናፍጣ እንደሚሰጥ የሚወስነው)። ብሎኑን ማንም ሰው በመንገድ ዳር አይንካው፤ ሩብ ዙር እንኳ ብዙ ነው፤ በፓምፕ መሞከሪያ ማሽን ላይ ነው የሚስተካከለው።

ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላቸው ሞተር ሳይክሎች ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ ከመጠን በላይ ቤንዚን ይወስዳሉ፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር ደሴ ላይ 13 በመቶ ገደማ ያበዛል። ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ፈትተሽ እዪው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። መፍትሔው በካርቡሬተሩ ውስጥ ዋናው የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ አንድ ቁጥር ባነሰ እንዲቀየር ማድረግ ነው። ግን የሚስተካከለው ለኮምቦልቻ እንጂ ለደሴ መሆን የለበትም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የድብልቅ ልዩነት 3 በመቶ ብቻ ነው፤ ለደሴ በጣም ካሳነሱት ኮምቦልቻ ሲወርድ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተን ይጎዳል። በካርቡሬተር ፋንታ ኢንጀክሽን (ቤንዚን መርጫ) ያለው ሞተር ሳይክልና ቪትዝ ይህን በሴንሰር ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ፖርቶ መጋላ (ጣሪያ ላይ ያለ የዕቃ መጫኛ ብረት) ካለውም ይውረድ። 40 ኪሎ ብረት ሐረጎን በወጣ ቁጥር የሚያስወጣው ከ0.02 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ናፍጣ ቢሆንም፣ ነፋሱን ሲጨምሩበት ያለ ጥቅም የሚከፈል ነው።

ሰርቪስ_ፈላጊ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ሆነልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ብዙ ሹፌሮች ሐረጎን ሲወርዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ኒውትራል ያደርጋሉ፤ እውነት ይቆጥባል? ደግሞ የተባለውን 3.5 ሊትር ራሳችን እንዴት እንለካዋለን?

ሁለተኛ_ማርሽ

አይቆጥብም፤ ይገድላልም። ኒውትራል ላይ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን አያቆምም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫ ሲነሳ ግን፣ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ1,500 በላይ እስከሆነ ድረስ፣ ኢንጀክሽን ያለው ቤንዚን ሞተርም ናፍጣ ፓምፑም ነዳጁን ጨርሶ ይዘጉታል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ስለዚህ በማርሽ መውረድ ዜሮ ሊትር፣ በኒውትራል መውረድ ደግሞ በሰዓት አንድ ሊትር የሚጠጋ ነው።

የፍሬኑን ነገር አስቡት። 2.8 ቶን 600 ሜትር ሲወርድ 4.6 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት የግድ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከፊሉን ጎማና ነፋስ ይወስዱታል። ቀሪውን ሞተሩ ካልያዘው ፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል። ሸራው ሲግል መያዙን ይቀንሳል፤ ያረጀና ውሃ የጠጣ ፍሬን ዘይት ደግሞ ይፈላና ፔዳሉ እስከ ታች ይገባል። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያዙ፤ ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ እንጂ እግርን አሳርፎ መውረድ አይደለም። ሽቅብ ስትመጡም ኩርባው መሃል ላይ ሳይሆን ሳትገቡ ማርሽ ቀንሱ። ኩርባው ውስጥ ሞተሩ ታንቆ መልሶ ሲነሳ ነው ናፍጣው የሚባክነው።

ለመለካት፣ የአንድ ቀን ጉዞ አትለኩ። 3 ሊትር ላይ በሙሌት ግማሽ ሊትር ብትሳሳቱ ስሕተቱ 17 በመቶ ነው። ማደያው፣ ማሽኑ፣ መኪናው የሚቆምበት ቦታና አቅጣጫው አንድ ይሁን። መቅጃው መጀመሪያ በራሱ ቀጭ ብሎ ሲዘጋ አቁሙ። ናፍጣ አረፋ ስለሚሠራ አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ጨምሩ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጻፉ። ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ በዚያው አሠራር መልሳችሁ ሙሉ፤ የገባው ሊትር ለደርሶ መልሶቹ ብዛት ይካፈል። በአንድ በኩል ብቻ አትለኩ፤ ወደ ኮምቦልቻ ብቻ የለካ ሰው መኪናው ተአምር ይመስለዋል። የጎማው መጠን ከተቀየረ ደግሞ ቆጣሪው ስለሚዋሽ ከስልክ ጂፒኤስ ጋር አስተያዩት።

ሶኬት_ደሴ

ኤሌክትሪክ መኪና ማንም አላነሳም። በ2016 ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ቀጣዩ መኪናችሁ ምናልባት ኤሌክትሪክ ነው የሚሆነው፤ ለዚህ መንገድ ደግሞ ልክ ነው።

አራት ሰው የያዘ 1.8 ቶን ኤሌክትሪክ መኪና ከኮምቦልቻ ደሴ ሲወጣ 6 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። 45 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ላይ 13 በመቶ ነው። ሲወርድ ግን ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ወደ ባትሪ ይመልሳል። ናፍጣው በፍሬን አቃጥሎ የሚጥለውን ይሄኛው ያጠራቅማል። ደርሶ መልስ 5፣ ለሰው 1.25 ኪሎዋት ሰዓት። በጉልበት ይዘቱ ብቻ ሲመዘን የቤንዚን 0.14 ሊትር ነው፤ ያውም ኤሌክትሪካችን በአብዛኛው ከውሃ የሚመጣ ነው።

የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። ማታ 100 በመቶ ሞልተው ጠዋት ከደሴ ይነሳሉ። የሞላ ባትሪ የሚመለሰውን መቀበል አይችልም፤ መኪናው ሞተር ፍሬኑን ይቀንሰውና ሐረጎን በሸራ ብቻ ትወርዳላችሁ። የደሴ ጠዋት ብርድም ባትሪው የሚቀበለውን ስለሚቀንስ 85 ወይም 90 በመቶ ላይ አቁሙት። ተራ የቤት ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ስለሚሰጥ የቀኑ ፍጆታ ከሦስት ሰዓት ባልበለጠ ይመለሳል፤ ግን ሶኬቱና ገመዱ ቀጭን ከሆነ ይግላል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ከ40 በመቶ በታች ሳይወርድ መሙላት ይሻላል።

ጣርማበር

ለሥልጠና አዲስ አበባ ስትሄዱስ? 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ደርሶ፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 በላይ ይወጣል። 45 ሰው የያዘ አውቶቡስ ከ120 እስከ 140 ሊትር ይጨርሳል፤ ለሰው 3 ሊትር ገደማ። የሞላ ዶልፊን 4 ሊትር። አራት ሰው የያዘች ቪትዝ ከ6.5 እስከ 7።

ከኮምቦልቻ የሚበረው ባለ ሁለት ፕሮፔለር ኪው 400 ከ70 በላይ መቀመጫ ያለው ሲሆን በሰዓት አንድ ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል። 45 ደቂቃ አየር ላይ ቢቆይ 940 ሊትር ያህል ነው፤ 60 ሰው ቢይዝ ለሰው 15 ወይም 16 ሊትር። ከአውቶቡሱ አምስት እጥፍ። ግን ብቻውን ቪትዝ ይዞ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው 25 ሊትር ያህል ያወጣል፤ ከአውሮፕላኑ ይበልጣል ማለት ነው። ከደሴ የሚነሳ ሰው አየር ማረፊያው ኮምቦልቻ መሆኑን አይርሳ፤ አድራሽ መኪና ባዶውን ሐረጎን ከወጣ የዚያ 1.7 ሊትር በላዩ ይደመራል።

በራሳችሁ መኪና ከሄዳችሁ ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ባለው ሜዳ ላይ ፍጥነታችሁን ያዙ። ከ80 ወደ 100 ስትጨምሩ የነፋሱ ግፊት በ56 በመቶ ይጨምራል፤ የምታተርፉት ደግሞ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ደቂቃ ነው።

ሰርቪስ_ፈላጊ

አላህም እግዚአብሔርም ይስጣችሁ። ዶልፊኑ ኮምቦልቻ ቆሞ ይጠብቅ የሚለውን ለባለቤቱ እናቀርባለን። እምቢ ካለ ግን ቪትዞቹ ይሻላሉ ማለት ነው?

ስምሪት_ቁጥር_2

በሊትር እኩል ናቸው፤ ስለዚህ ባዶ የሚወጣ ከሆነ ዶልፊኑን አትያዙ። ቪትዞቹን ከያዛችሁ አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ሰው ሲቀር ሦስት ሦስት ተከፋፍላችሁ ሦስቱንም መኪና አታስነሱ። ዘጠኝ ወይም ስምንት ሰው በመጣ ቀን አንዷ ደሴ ትቅር፤ ስምንት ከሆናችሁ ሁለት ይበቃል፣ ዘጠነኛው መናኸሪያ ሄዶ ይሳፈር። የማን መኪና እንደሚቀር ማታውኑ በቴሌግራም ተነጋገሩ፤ ጠዋት በር ላይ ቆሞ መነጋገር ሞተር እየሠራ ነው የሚሆነው።